ከጉባኤው አዳራሽ ውጭ፦ የበጌምድር ሐኪም በኤድንብራ

ለሕክምና ጉባኤ ኤድንብራ የተጠራ ሐኪም ውሎው መስኮት በሌለው አዳራሽ ውስጥ ነው። ስሙ የተጻፈበት ካርድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከአገር ቤት በካርቶን ተጠቅልሎ የመጣው ፖስተሩ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል። አሥር ደቂቃ ንግግር፣ አምስት ደቂቃ ጥያቄ፣ ከዚያ ሌላ ተናጋሪ። የምሳ ዕረፍት ሲታወጅ አብዛኛው ተሰብሳቢ ቡናውን እንደያዘ እዚያው ይቆማል። በሩን ከፍቶ የወጣው ግን ከከተማዋ ጋር ይገናኛል።

የጉባኤ ማዕከሉ ካለበት ከሞሪሰን ጎዳና ተነስቶ የሎዚያንን መንገድ ቁልቁል የተከተለ እንግዳ አሥር ደቂቃ ያህል ሄዶ ፕሪንስስ ጎዳና ጫፍ ላይ ይደርሳል። በስተቀኙ፣ በጥቁር ዐለት አናት ላይ፣ የኤድንብራ ግንብ ከፍ ብሎ ይታያል። ዐለቱ ከ340 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በጠፋ የእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ ረግቶ የቀረ ቋጥኝ ነው። በደቡብ ጎንደር ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉናም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ግን ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ ከዚህ ዐለት ጋር ሲነጻጸር ገና ጨቅላ ነው። መንገዱ ጥግ ላይ፣ ከግንቡ ግርጌ፣ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አለች። መንገደኛው ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የመጣ ሐኪም ከሆነ የምሳ ሰዓቱ አይበቃውም፤ ምክንያቱም ከዚህች ደጃፍ የሚነሳው ታሪክ ወደ ገዛ አገሩ ይወስደዋል።

በቁም ሣጥን ውስጥ የቆየው ታቦት

በዚህች ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ የነበሩት ቄስ ጆን ማክላኪ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ቁም ሣጥን ሲያጸዱ ከኋላ ተደብቆ የቆየ የእንጨት ጽላት አገኙ። ኢትዮጵያን ቀድሞ ያውቋት ስለነበር በእጃቸው የያዙት ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ታቦት ነበር። ከመቅደላ ዘመቻ የተመለሰ አንድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ለቤተ ክርስቲያኗ የሰጠው በ1868 ነው። ታቦት በአገሩ ከካህን በቀር ማንም የማያየው፣ በልብስ ተጎናጽፎ የሚወጣ፣ ሲወጣም ሕዝብ በእልልታ የሚሰግድለት ነው። እዚህ ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በላይ ዕቃ መስሎ ከዕቃ ጋር ኖረ። የቤተ ክርስቲያኗ ኃላፊዎች ሳያንገራግሩ ለመመለስ ወሰኑ፤ በ2002 መጀመሪያ ታቦቱ አዲስ አበባ ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ምእመን ወጥቶ ተቀበለው።

ታቦቱ ከመቅደላ እንዴት ወጣ የሚለውን ጥያቄ የጋይንት ሰው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከመሬቱም ያነበዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ጉዞ ሲጀምሩ፣ በከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ያቀለጡትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስጎትተው ነበር። መድፉ ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ እየተሠራ፣ ንጉሡም ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ በጋይንት በኩል ወደ ጨጨሆ፣ ከዚያ ወደ ዘቢጥና ቤተ ሖር፣ ቀጥሎም የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች ወርደው ወጥተው መቅደላ ለመድረስ ከአምስት ወራት በላይ ፈጀባቸው። በሽሎ ዛሬ ስማዳንና ታች ጋይንትን ከወሎ የሚለይ ወንዝ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በአስፋልት የሚጓዝ አውቶቡስም በብዙ ቦታ የሚከተለው ያንን የመድፍ መንገድ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 13 ቀን 1868፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሡ ራሳቸውን ሠው። ከመቅደላ የተዘረፈው መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ዘውድና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ በሽሎን ተሻገረ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም በጨረታ ተሸጠ። ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር ሁለት ልጆችም ወጡ። አንደኛው የደብረ ታቦር ተወላጁ ልዑል ዓለማየሁ ነው። በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በ1879 በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በሊድስ ከተማ በሳንባ ሽፋን ሕመም ሞተ፤ አፅሙም እስከ ዛሬ በዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ይገኛል። ሁለተኛው ልጅ ግን ኖረ፤ ኖሮም ወደዚህችው ኤድንብራ መጣ።

የመቅደላው ሕፃን በሐኪሞች ከተማ

ወርቅነህ እሸቴ ጎንደር ተወልዶ ገና በሦስት ዓመቱ ገደማ መቅደላ ላይ ከወላጆቹ ተለየ። ኮሎኔል ቻምበርሊን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው፤ ቻምበርሊን ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ልጁ የሁለቱን ስም አጣምሮ ቻርለስ ማርቲን ተባለ። በ1882 ላሆር ከሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ። ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ የኤድንብራን የሐኪሞች ፈተና አለፈ፤ ከዚያም በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት ሠራ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተብሎ የሚታወቀው እርሱ ነው።

የዓድዋ ድል ወሬ በርማ ሲደርሰው የልቡ አቅጣጫ ተለወጠ። ወደ አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ ድንኳን ተክሎ በሽተኛ ማከም ጀመረ። ከመቅደላ የጠፋው ልጅ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ አያቱ መጡ፤ ሕፃን ሳለ በሰውነቱ ላይ የነበሩትን ጠባሳዎች ፈልገው አገኙና ልጃቸው መሆኑን አረጋገጡ። ያን ዕለት የሐኪሙን ገላ የመረመረው ሌላ ሐኪም ሳይሆን አያት ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ ከዚያ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክን አክመዋል፤ በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መርተዋል፤ የጨርጨር ገዥ ሆነዋል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ተሟግተዋል። ያረፉት በ1952 ነው።

ኤድንብራን በእግሩ የሚዞር ኢትዮጵያዊ ሐኪም ይህን ልብ ቢል መልካም ነው፤ እርሱ ወደዚህች ከተማ ሕክምና ሊማር የመጣ የመጀመሪያው ያገሩ ሰው አይደለም። ከጉባኤው ወጥቶ ከተማዋን ማየቱም ከሥራ መሸሽ አይደለም። ፖስተሩ ላይ ያሰፈረው ሙያ የተወለደበትን፣ የተሳሳተበትን፣ የታረመበትን ቦታ እያየ ነው።

አስከሬን የተሸጠበት ሰፈር

የኤድንብራ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር የተመሠረተው በ1505 ከጸጉር አስተካካዮች ጋር በአንድነት ነው፤ ያኔ ምላጭ የያዘ ሁሉ አንድ ሙያ ነበረው። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1726 ተከፈተ። በ1832 የተጠናቀቀውና ዐምዶች የቆሙበት የቀዶ ሐኪሞች አዳራሽ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት የሆነ ሙዚየም አለው፤ የድሮ መጋዞች፣ የጥርስ መንቀያዎች፣ በብልቃጥ የተቀመጡ የሰው አካላት ይታዩበታል።

ከእነዚህ ሁሉ ሐኪሙን የሚያስቆመው የ1828 ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን የአካል ጥናት መምህራን አስከሬን በጣም ይፈልጉ ነበር፤ ሕጉ የሚፈቅድላቸው ግን ጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ ሌቦች ሌሊት መቃብር እየቆፈሩ ይሸጡላቸው ጀመር። ዊልያም በርክና ዊልያም ሄር መቆፈሩን እንኳ ተዉት። ዌስት ፖርት በተባለው ሰፈር ድሆችንና እንግዶችን እያሰከሩ በማፈን 16 ሰዎች ገድለው፣ አስከሬናቸውን ለታዋቂው መምህር ለዶክተር ሮበርት ኖክስ ሸጡ። ሄር በጓደኛው ላይ መስክሮ ነፃ ወጣ። በርክ በጥር 1829 በአደባባይ ተሰቀለ፤ የእርሱም አካል በተማሪዎች ፊት ተቀደደ፤ አፅሙ እስከ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የአካል ጥናት ሙዚየም ቆሟል። ከዚህ ቅሌት በኋላ በ1832 የብሪታንያ ፓርላማ አስከሬን ለትምህርት የሚውልበትን ሕግ አወጣ።

ዌስት ፖርት ከጉባኤ ማዕከሉ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። በደቡብ ጎንደር ገጠር ስለ ትራኮማ ጥናት ያጠና ተመራማሪ እያንዳንዱን ቤት አንኳኩቶ፣ ለእናትየው ጥናቱ ምን እንደሆነ አስረድቶ፣ ፈቃዷን ጠይቆ፣ ማንበብ ካልቻለች በአውራ ጣቷ አስፈርሞ ነው የልጇን የዓይን ቆብ ገልብጦ የሚያየው። ያ ቅጽ አንዳንዴ ወረቀት ማብዛት ይመስላል። በዚያ ሰፈር ያለፈ ሰው ግን ድሃ ሰው ሳይጠየቅ የሳይንስ መሣሪያ ሲሆን ምን እንደሚከተል በዓይኑ አይቷል።

ይኸው የቀዶ ሐኪሞች አዳራሽ ሌላም ቀን አይረሳም። ሶፊያ ጄክስ ብሌክና ጓደኞቿ በ1869 ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕክምና መማር ጀመሩ፤ ሰባት ሴቶች ነበሩ። ኅዳር 18 ቀን 1870 የአካል ጥናት ፈተና ሊፈተኑ ሲመጡ በሩ ላይ የተሰበሰቡ ወንዶች ጭቃ ወረወሩባቸው፤ ፈተናው ላይ ሳሉ አንድ በግ ወደ አዳራሹ ተገፍቶ ገባባቸው። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ከለከላቸው። የክብር ዲግሪያቸውን የሰጣቸው በሐምሌ 2019 ነው፤ አንዳቸውም በሕይወት አልነበሩም።

ጠረጴዛ ሥር የተገኙት ሐኪሞች

ከቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ በፕሪንስስ ጎዳና መናፈሻ ውስጥ፣ የጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ሐውልት ተቀምጧል። የማዋለድ ሐኪም ነበር። ምጥ የሚያስጨንቃቸው እናቶች ስቃይ እረፍት ነሥቶት ማደንዘዣ ፍለጋ በራሱ ላይ ይሞክር ነበር። ኅዳር 4 ቀን 1847 ማታ ኩዊን ጎዳና ቁጥር 52 በሚገኘው ቤቱ፣ ከእራት በኋላ፣ ከሁለት ረዳቶቹ ከኪዝና ከደንከን ጋር ክሎሮፎርም በብርጭቆ ቀድተው አሸተቱ። መጀመሪያ ሣቁ፣ ለፈለፉ፤ ወዲያው ጸጥ አሉ። ሲነቁ ሁሉም ወለል ላይ ነበሩ። በዚያው ወር ሲምፕሰን ማደንዘዣውን ለምጥ ተጠቀመበት። ምጥ ያለ ሕመም መሆን የለበትም ብለው የተቃወሙት ብዙ ነበሩ፤ በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ በክሎሮፎርም ስትወልድ ክርክሩ ረገበ።

ጆሴፍ ሊስተር ደግሞ ግላስጎው ላይ የጀመረውን ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ የማጽዳት ዘዴ ከ1869 እስከ 1877 ኤድንብራ ላይ አስተማረ። ሲምፕሰን ሕመሙን፣ ሊስተር መመርቀዙን ቀነሱ። ዛሬ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ወይም በነፋስ መውጫ አንዲት እናት በቀዶ ሕክምና ስትወልድ የሚያስፈልጉት ሁለቱ ነገሮች፣ ማደንዘዣና ንጹሕ መሣሪያ፣ ከዚህች ከተማ ቤቶች ጋር የቅርብ ዝምድና አላቸው።

ወደ አሮጌው ከተማ ሽቅብ የወጣ ጎብኚ ከከተማው ምክር ቤት ሕንፃ በታች ተቀብሮ ወደቀረው የሜሪ ኪንግ መተላለፊያ መውረድ ይችላል። ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ የኖረበት ጠባብ ሰፈር ነበር። በ1645 ቸነፈር ሲገባ ከተማዋ ጆርጅ ሬይ የተባለ የቸነፈር ሐኪም ቀጠረች፤ ታማሚዎች ከከተማ ውጭ ሜዳ ላይ ጎጆ ውስጥ ይገለሉ ነበር። የለይቶ ማቆያን ትርጉም በኮሮና ዘመን የተረዳ የጤና ባለሙያ ያንን ሜዳ መገመት አይቸግረውም።

ቁስቋም ላይ የተከፈቱት መስኮቶች

ከኤድንብራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ከፍ የሚል ጉዞ ላርበርት ያደርሳል። በዚያ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከቀለጠ ብረት የተሠራ ረጅም ሐውልት ቆሟል። የተቀበረው ጄምስ ብሩስ ነው፤ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር የገባው የኪኔርዱ ስኮትላንዳዊ።

ብሩስ የተመረቀ ሐኪም አልነበረም። ሶርያ ውስጥ፣ አሌፖ ላይ፣ ከዶክተር ፓትሪክ ራስል የተማራት ጥቂት ሕክምና ነበረችው። በየካቲት 1770 ጎንደር ሲደርስ ከተማዋን ፈንጣጣ ይዟት ነበር፤ በሽታው እቴጌ ምንትዋብ ወደሚኖሩበት ወደ ቁስቋም ግቢም ዘልቋል። ልጆቹ የተኙት በተዘጋ ቤት፣ በሙቀትና በሰው ትንፋሽ መካከል ነው። ብሩስ በሩና መስኮቱ ሁሉ እንዲከፈት አደረገ፤ ቤቱ በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ ታጠበ፤ በዕጣንና በከርቤ ታጠነ። መድኃኒት አልነበረውም፤ የሠራው ንጹሕ አየር መስጠትና ንጽሕናን መጠበቅ ነው። ከዳኑት አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ብሩስ በቤተ መንግሥቱ ወዳጅ አገኘ።

ጄነር የፈንጣጣን ክትባት ያገኘው ከዚያ ከ26 ዓመታት በኋላ ነው። ፈንጣጣ ደግሞ ከኢትዮጵያ ለመጥፋት ሁለት መቶ ዓመት ጠብቋል፤ በ1971 በተጀመረው ዘመቻ ክትባት ሰጪዎች በእግርና በበቅሎ ተራራና በረሃ አቋረጡ፤ የአገሪቱ የመጨረሻ ታማሚም በነሐሴ 1976 ተመዘገበ።

ብሩስ ከበጌምድርና ከአካባቢው የወሰደው ዕውቀትም ቀላል አይደለም። በ1790 ኤድንብራ ላይ በአምስት ጥራዝ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮሶን ሥሎ አስተዋወቀ። ለተቅማጥ የሚሰጠውንና እርሱም የዳነበትን ዋጊኖስን እንዲሁ ገለጸ፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም ዛፉን በእርሱ ስም ብሩሲያ አሉት። በ19ኛው መቶ ዘመን ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ለኮሶ ትል መድኃኒትነት ይሸጥ ነበር።

ይህን የጉና ሥር ሰው ሲሰማ አይደነቅም። በዚያ ደጋ ኮሶ የቤት ዛፍ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ጠጪው በሩን ዘግቶ፣ እንግዳ ሳይቀበል ይውላል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር በየጊዜው የሚወሰድ ነበር። መጠኑ ሲበዛ ዓይን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ የኋላ ሐኪሞች ደርሰውበታል፤ ዛሬ ስፍራውን በልክ የሚሰጥ ክኒን ወስዶታል። ግን የኤድንብራን የዕፀዋት ማዕከል፣ በ1670 ሁለት ሐኪሞች ለመድኃኒት ቅጠል ብለው የመሠረቱትን አትክልት ሥፍራ፣ የሚጎበኝ የጋይንት ሐኪም አያቱ ያሳዩትን ዛፎች ስም ይዞ ቢገባ፣ ከአስጎብኚው እኩል የሚናገረው አለው።

ጉባኤው ወደ ቤት ቢመጣ

ወደዚያ መድረስ ራሱ ብዙ ይጠይቃል። የጥናቱ ማጠቃለያ ወራት ቀድሞ መላክና ተቀባይነት ማግኘት አለበት፤ የብሪታንያ ቪዛ ከሼንገን የተለየ ነው፤ ለምዝገባ፣ ለአውሮፕላን፣ ለማደሪያ የሚወጣው ገንዘብ በአንድ ሐኪም ደመወዝ የሚቻል አይደለም። በ2022 ሞንትሪያል ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ በርካታ አፍሪካውያን ቪዛ ተከልክለው መቅረታቸው ብዙ ቁጣ አስነሥቷል። ስለ አፍሪካ በሽታ አፍሪካዊው ሳይገኝ መነጋገር ጉባኤውንም ያጎድለዋል።

ስለዚህ ተገላቢጦሹም ሊታሰብ ይገባል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተነሣ፣ የጤና ባለሙያ በማሠልጠን የአገሪቱ አንጋፋ ተቋም ነው። የብሩስ መስኮቶች የተከፈቱበት የቁስቋም ግቢ እዚያው ከተማ ዳር ላይ ይገኛል። ደብረ ታቦርም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አጠገቧ ጋፋት አለ። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ የጉና ኮሶ ዛፎች፣ የጨጨሆ መንገድ፣ እንዲሁም የድጓ መምህራን የሚመሰከሩባት ቤተልሔም ትገኛለች፤ ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በ1955 በሣር ክዳን ሥር የተሸሸገውን የመካከለኛው ዘመን ሕንፃዋን አይቶ ለውጭው ዓለም ያስታወቃት ናት። ከነሐሴ 2023 ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገዱን አክብዶታል፤ ሐኪሞችና ሆስፒታሎችም ከችግሩ አላመለጡም።

ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት ግን የጎንደር ጉባኤ አዘጋጆች ለእንግዶቻቸው የፕሮግራም ወረቀት ሲያትሙ ሁለት ቀን ቢጨምሩበት ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን ለቁስቋም ይሁን፤ የሕክምና ተማሪዎች የ1770ውን የፈንጣጣ ወረርሽኝ በቦታው ቆመው ያስረዱ። ሁለተኛው ቀን በማለዳ ተነሥቶ በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋፋት በኩል ወደ ነፋስ መውጫ ይጓዝ፤ መንገድ ላይ አውቶቡሱ ጉና ሥር ቆሞ አንድ ኮሶ የሚያውቁ አባት ስለ ዛፉ ይናገሩ። ከኤድንብራ የመጣ ሐኪም በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ቢኖር፣ የከተማው ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የነበረው ታቦት በየትኛው ገደል በኩል እንደተሻገረ ነፋስ መውጫ ላይ የሚያሳየው ሰው አያጣም።